‹ከየት መጣ?› ከሚለው ጥያቄ ወደ ‹ማን ሠራው?›፦ የሥዕል፣ የዜማና የፊልም ታሪካችን ጥናት ሲዳሰስ

ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል፣ ዜማና ፊልም የተጻፉ ጥናቶችን በዓመታት ቅደም ተከተል ላነበበ ሰው የጥያቄዎቹ መለወጥ ቶሎ ይታየዋል። የቀደሙት አጥኚዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት “ይህ ከየት መጣ?” ብለው ነበር። ሥዕሉን ከቢዛንቲየም፣ ከግብጽ ወይም ከጣሊያን፣ ዜማውን ከአይሁድ ወይም ከሶርያ ጋር ለማዛመድ ብዙ ደክመዋል። ኋላ የመጡት ግን “ማን ሠራው? ለማን? ሠሪውስ ሥራውን እንዴት ይረዳዋል?” ማለት ጀመሩ። ሽግግሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የወሰደ ሲሆን በሦስቱ ዘርፎች እኩል አልተራመደም። ሥዕል ቀድሟል፣ ዜማ ተከትሏል፣ ፊልም ደግሞ በቅርቡ ተነሥቷል። ይህ ዳሰሳ ያንን ጉዞ በየደረጃው ይከታተላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሰብሰብ ዘመን፦ እስከ 1960ዎቹ

በናፖሊዮን የግብጽ ዘመቻ የተሳተፈው ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ጊዮም አንድሬ ቪሎቶ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ስለ ዜማዋ ጽፏል። መረጃውን ያገኘው ካይሮ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ካህናት ሲሆን፣ የሰማውን በአውሮፓ ኖታ ለማስፈር ሞከረ። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የአውሮፓ ምሁራን መጥቀሻ ሆኖ ኖሯል። የካህናቱን ዕውቀት ወስዶ ትርጓሜውን ሌላ ቦታ የመሥራት ልማድ ከዚህ ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ይኸው ልማድ በ1930ዎቹ በግልጽ ታየ። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ጎንደር ሰነበተ። በዚያም የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በቦታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ የሣላቸው ቅጂዎች ተተኩ። ብዙ የብራና መጻሕፍትም አብረው ሄዱ። የተልእኮው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የውሎ መዝገቡን በ1934 ሲያሳትም የአሰባሰቡን ሁኔታ ሳይሸፍን ጽፎታል። ለሥዕል ታሪክ ይህ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ሥዕሎቹ በሙዚየም ውስጥ ለአጥኚ ቅርብ ሲሆኑ፣ ከሚጸለይባቸው መቅደስና ታሪካቸውን ከሚያውቁት ካህናት ግን ተለዩ። በዚህ መልኩ የተገኘ ሥዕል የሚጠየቀው ስለ ቅርጹና ስለ ምንጩ ብቻ መሆኑ አያስደንቅም።

በ1961 ዩኔስኮ የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች በትልቅ አልበም አሳተመ። ብዙ አንባቢ ሥዕሎቹን በቀለም ያየው በዚህ መጽሐፍ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ዡል ሌሯ በዚያው አሥርት ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። በ1963 ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ አደራጅ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ሥዕልና መስቀል፣ ብራናና የቤት ዕቃ እያሰባሰበ ለአጥኚ ክፍት አደረገ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ስብስቡ አገር ውስጥ ቀረ፣ ተማሪውም ሥዕሉን ለማየት ፓሪስ መሄድ አላስፈለገውም።

ስም ያለው ሠዓሊ፦ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ

በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ ተጀመረ። ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ ተደርጎ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተቀዱ። እነዚህን በካታሎግ ከመዘገቡት ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሊቁ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከዘመናዊው የፊሎሎጂ ሥልት ጋር አጣምረው የያዙ በመሆናቸው፣ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ኅዳግ የጸሐፊውን፣ የአስጻፊውን፣ የገዳሙንና የንጉሡን ስም እየለቀሙ አወጡ። ለሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ይህ ትልቅ በር ከፈተ፤ ሥዕል ከዚያ በኋላ ባለቤትና ዘመን ያለው ሰነድ ሆኗልና።

ሆይናትስኪ በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን ሥዕል ዋና ዋና ርእሰ ጉዳዮች ከ13ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ይከታተላል። ከሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የመጣውን የእመቤታችንን ሥዕል ጉዳይ ያየበት መንገድ የሽግግሩን ድልድይ ያሳያል። ምስሉ ከውጭ መምጣቱን ይነግረናል፤ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያን ግን አለባበሱን፣ እጅ አጣጣሉንና አጃቢ መላእክቱን በየዘመኑ እንዴት እንደ ራሳቸው እንዳደረጉት ገጽ በገጽ ያስረዳል። በ1986 ለንደን በሚገኘው የዋርበርግ ተቋም የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። ዘርፉም ራሱን ችሎ የሚመላለስበት መድረክ አገኘ።

ከሁሉ በላይ ግን የጥናቱን አቅጣጫ የቀየረው የማሪሊን ሄልድማን ሥራ ይመስለኛል። ጣና ሐይቅ ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ሥዕለ ማርያም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በፍሬ ጽዮን መሣሉን የሚገልጽ ጽሑፍ አለው። ሄልድማን ከዚህ ተነሥታ፣ የአንድ የ15ኛ ክፍለ ዘመን ሠዓሊን እጅ በሌሎች ሥዕሎችም ላይ እያነጻጸረች በ1994 ሙሉ መጽሐፍ ጻፈች። መልሷ ከስምም አልፎ ይሄዳል። ንጉሡ የእመቤታችንን ክብር በአዋጅ አጽንቶ፣ በዓላቷን አብዝቶ፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አድርጓል። ገበታ ላይ የተሣለ ሥዕለ ማርያም በዚያ ዘመን የበዛው ሥርዓተ አምልኮው ስለፈለገው ነው። የውጭ ተጽዕኖ በዚህ ትንታኔ ውስጥ ቦታውን ይዟል፤ ዋናው ምክንያት ግን ከአገር ውስጥ ይነሣል።

በዚያው ዘመን የሕዝብ ሥዕልም የጥናት ርእስ ሆነ። ሙኒክ ይሠሩ የነበሩት ግርማ ፍሥሐ ከቫልተር ራውኒግ ጋር በ1985 በጀርመንኛ ያሳተሙት ሥራ የዓድዋን ጦርነት፣ የአደን ወሬውን፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ የሚሥሉትን ሠዓሊያን በቁም ነገር ተመልክቷል። እነዚህ ሥዕሎች ለቱሪስት የሚሸጡ ናቸው ተብለው ከታሪክ ውጭ ይደረጉ ነበር። ገዢው ማንም ይሁን፣ ሠዓሊው የአገሩን ታሪክ እንዴት እንደሚተርክ ማወቁ ዕውቀት መሆኑን ጥናቱ አስረድቷል።

ዜማ፦ ከመሣሪያ ዝርዝር ወደ ሊቃውንቱ

የሙዚቃው ጥናት ረዘም ላለ ጊዜ መሣሪያ በመዘርዘር ቆየ። በ1968 የታተመው የማይክል ፓውን የመግቢያ መጽሐፍ ክራርን፣ በገናን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ ከበሮንና ጸናጽልን ያስተዋውቃል፤ ለጀማሪ ዛሬም ይጠቅማል። ይሁን እንጂ መሣሪያውን የያዘው ሰው ብዙም አይሰማበትም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመምራት የታወቁት አሸናፊ ከበደ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ጥናት ዶክትሬታቸውን ሲይዙ፣ አገርኛውን ሙዚቃ ተጫዋችም አጥኚም ሆኖ የሚያይ ዓይን ወደ ዘርፉ ገባ። ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1970ዎቹ የማሲንቆ ተጫዋቾችን ድምፅ ለክታ ቅኝትን መረመረች። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በፒያኖ ቁልፍ ልክ የተቆረጡ መሰላሎች ናቸው ወይስ ተጫዋቹ እያበጀ የሚሄድባቸው መንገዶች? ጥያቄው ዛሬም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንን ያከራክራል፤ በኪቦርድ ያደገው ትውልድ የሚሰማው ቅኝት በአዝማሪ ጣት ላይ ካለው ጋር አንድ ስላልሆነ።

የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በተመለከተ ትልቁ እመርታ የመጣው ከኬይ ካውፍማን ሸለመይና ከፒተር ጄፍሪ ሥራ ነው። በ1993 መውጣት የጀመረው የዜማ ስብስባቸው ከነቅጂ ድምፁ የቀረበ ሲሆን፣ በድጓ ላይ ከፊደላት በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች በመሪጌታዎች አንደበትና በተለያየ ዘመን በተጻፉ ብራናዎች እያስተያየ ያጠናል። ምልክቶቹ የታወቁ የድጓ ቃላት አሕጽሮት ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ለሊቁ አንድ የተጠና የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል። ትውፊቱ ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል፤ የብራናው ማስረጃም ምልክቱ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ መስፋፋቱን ይደግፋል። ከዚያ በፊት ዜማው በቃል ይተላለፍ እንደነበር ሲታሰብ፣ የተማሪው ጆሮና የመምህሩ አፍ ምን ያህል ሸክም እንደተሸከሙ ይገባናል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በዚህ ጥናት ውስጥ የባዕድ ሥልት ናሙና መሆናቸው ቀርቶ በባለቤቶቻቸው አገላለጽ ተብራሩ።

ሸለመይ ቀደም ብላ በ1986 ያሳተመችው መጽሐፍ የበለጠ አነጋግሯል። በ1973 ጎንደር አካባቢ በቤተ እስራኤል መንደሮች የቀረጸችው ጸሎት በግእዝ የሚጸለይ፣ በአደራረሱና በዜማው ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር በእጅጉ የሚቀራረብ ነበር። ጥንታዊ የአይሁድ ዜማ ሳይለወጥ የተረፈበት ቦታ ይገኛል ብለው ለሚጠብቁ ሰዎች ይህ ከባድ መልስ ነው። እሷ ያሳየችው ሁለቱ ማኅበረሰቦች በመነኮሳት አማካይነት ለዘመናት የተጋሩትን ታሪክ ነው፤ ይህም የቤተ እስራኤልን እምነት እውነተኛነት የሚቀንስ አይደለም። በእስራኤል ሲምሃ አሮም፣ ኦሊቪዬ ቱርኒና ባልደረቦቻቸው ከቄሶቹ ጋር ሆነው ጸሎቱን በስፋት ቀርጸው አጥንተዋል። ወጣቱ ትውልድ በዕብራይስጥ እያደገ፣ ግእዙን የሚያውቁት ቄሶች እያነሱ ባሉበት ጊዜ ይህ ቅጂ ለማኅበረሰቡ ራሱ የሚተርፍ ሀብት ነው።

የሸክላው ዘመንና የ‹ወርቃማው ዘመን› ጥያቄ

ዘመናዊው ሙዚቃ ወደ ምሁራን ጠረጴዛ የመጣው በሌላ በር፣ በሸክላ ዳግም ሕትመት ነው። በ1986 የማሕሙድ አሕመድ “ኧረ መላ መላ” በቤልጂግ ታተመ። ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” የተባለውን ተከታታይ ሕትመት በፓሪስ ማውጣት ያዘ። ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ በኋላም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኙ። ፋልሴቶ ከዲስኮቹ ጋር ያቀረበው የታሪክ ጽሑፍ ዋጋው ከፍተኛ ነው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ አርመናውያን ወጣቶችና የሙዚቃ መሪያቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን፣ የክብር ዘበኛንና የፖሊስ ኦርኬስትራን፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር ተይዞ ሳለ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ማቋቋሙን በማስረጃ አስቀምጦልናል።

ሥራውን እያከበርን ክፍተቱንም መናገር ያስፈልጋል። “ወርቃማው ዘመን” የሚባለው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ብቻ ተቆርጦ ሲቀርብ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የውድቀት ታሪክ ይመስላል። በሰዓት እላፊ ውስጥ ሆቴል ተዘግቶባቸው እስከ ንጋት የተጫወቱት ባንዶች፣ የካሴት ዘመን፣ የሮሃ ባንድ ቅንብር፣ የአስቴር አወቀ ዋሽንግተን መድረስ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የተዘፈነው ብዙ ሙዚቃ ከዚህ ፍሬም ውጭ ይቀራል። ለአውሮፓዊ አድማጭ ጃዝ የሚሸተው ድምፅ ተመርጦ፣ ኢትዮጵያዊው አድማጭ በሠርጉና በለቅሶው ያዳመጠው ታሪክ ሲዘለል አንድ ትውልድ ከመዝገብ ይወጣል። ሸለመይ በ2022 ያሳተመችው መጽሐፍ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን በስደት ማኅበረሰቡን እንደሚጠብቁና እንደሚመሩ ሰዎች ታያቸዋለች።

ዘመናዊ ሥዕል፦ የዘገየ ቅጂ ነው?

ዘመናዊው ሥዕላችን ለረጅም ጊዜ በሁለት አጣብቂኝ ውስጥ ነበር። ለአፍሪካ ሥነ ጥበብ አጥኚዎች የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አገር ስለሆነ አልመች አለ፤ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ አጥኚዎች ደግሞ የአውሮፓ ዘግይቶ የመጣ ቅጂ መሰላቸው። ሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ጀርመን የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ለንደንና ፓሪስ ቆይቶ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን፣ አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ላይ የሠራው ሥዕል፣ እነዚህ ሁሉ በተናጠል የሕይወት ታሪክ ይጻፍላቸው ነበር፤ የሚያያይዛቸው ክር ግን አልነበረም።

የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም በ2003 የዲያስፖራ ሠዓሊያንን፣ በፍሎሪዳ የሚገኘው የሃርን ሙዚየም በ2007 ሦስት ትውልድ ሠዓሊያንን ያቀረቡባቸው ኤግዚቢሽኖች ክሩን መዘርጋት ጀመሩ። በ2019 የታተመው የኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ መጽሐፍ ደግሞ ክሩን አጠበቀው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙን የመሩት ኤልሳቤጥ፣ ዘመናዊነትን ከአውሮፓ ቀን መቁጠሪያ አውጥተው ከአገሩ ፖለቲካ፣ ከሥነ ጽሑፉ፣ ከተማሪው እንቅስቃሴና ከአብዮቱ ጋር ያነቡታል። ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊም ገጣሚም ነበርና ሥዕሉን ከግጥሙ ለይቶ ማየት ግማሹን ሰው ማየት ነው። መጽሐፉ ይህን ጥምረት ወደ ጥናቱ መሀል አምጥቶታል።

ፊልም፦ የተመልካቹ ዳኝነት

የፊልም ታሪካችን ጥናት ከሁሉ ዘግይቷል። የከተማው ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ “የሰይጣን ቤት” ማለቱ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ለረጅም ጊዜ በወጉ አልተጻፈም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራው “ሂሩት አባቷ ማነው?” እና በ1970ዎቹ የወጣው “ጉማ” በስም ይጠራሉ እንጂ በስፋት የተተነተኑ አልነበሩም። በዓለም አቀፍ ጥናት የኢትዮጵያ ፊልም ማለት ኃይሌ ገሪማ ማለት ነበር። የ1976ቱ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” እና በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 በዋጋዱጉ ፌስቲቫል የተሸለመው “ጤዛ” ለዚህ ክብር የሚበቁ ናቸው። ነገር ግን ተንታኞቹ ኃይሌን የሚያነቡት ከሎስ አንጀለስ የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ንቅናቄ ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ትኬት የሚቆርጠው ተመልካች በዚያ ንባብ ውስጥ የለም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ ሲገባ፣ የቴዎድሮስ ተሾመ “ቀዝቃዛ ወላፈን”ን የመሳሰሉ ፊልሞች ሲኒማ ቤቶችን ሞሉ። ከመንግሥትና ከለጋሽ ድጋፍ ይልቅ በቲኬት ገንዘብ የቆመ ኢንዱስትሪ ተፈጠረ። ከአሥር ዓመት በላይ ምሁራኑ ዝም አሉት፤ የሜሎድራማ ብዛት ብለው ያለፉትም ነበሩ። በ2018 በማይክል ቶማስ፣ በአሌሳንድሮ የድሎቭስኪና በአቦነህ አሻግሬ አዘጋጅነት የወጣው የጥናት ስብስብ ይህን ዝምታ ሰበረ፤ ምሁራንንና ባለሙያዎችን በአንድ ጥራዝ አገናኝቷልና። ቶማስ በ2022 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የፊልም ዓይነቶችን ከሆሊውድ መዝገብ አላመጣም። በፖስተሩ ላይና በተመልካቹ አፍ ያሉትን “የፍቅር ፊልም”፣ “አስቂኝ የፍቅር ፊልም”፣ “ልብ አንጠልጣይ” የሚሉትን ይዞ ይተነትናል። ይህ ለሥዕል የፍሬ ጽዮን ስም የሠራውን ለፊልም የሚሠራ እርምጃ ነው፤ የሥራው መለኪያ ከሥራው ባለቤቶች ተወስዷል።

ያለፉት አሥርት ዓመታት፦ አሮጌው ጥያቄ ተገልብጦ ሲመለስ

በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ለዚህ ዘመን ጥሩ ምስክር ናቸው። ብዙ አጥኚዎች ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሣሉ አድርገው ይገምቷቸው ነበር። በኦክስፎርድ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ግን ብራናውን ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ አኖረው። መነኮሳቱ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ጻፏቸው ብለው ሲያቆዩ የኖሩት ዘመን ከቀድሞው የምሁራን ግምት ይልቅ ለዚህ ውጤት ይቀርባል። ምርመራው ጸሐፊው ማን እንደሆነ አያረጋግጥም፤ የገዳም ትውፊት ሳይመረመር መጣል እንደሌለበት ግን ያስተምራል። ጁዲት ማኬንዚና ፍራንሲስ ዋትሰን በ2016 ወንጌላቱን በሙሉ መጽሐፍ አቅርበዋቸዋል።

ቬሬና ክሬብስ በ2021 ያሳተመችው ሥራ ደግሞ የተጽዕኖን ጥያቄ ከሥሩ ገለበጠው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ወደ ላቲን አውሮፓ መልእክተኛ የላኩት የጦር መሣሪያ ፈልገው ነው የሚለውን የቆየ አስተያየት ሰነዶቹ እንደማይደግፉት ታሳያለች። የፈለጉት ንዋያተ ቅድሳት፣ ዐፅመ ቅዱሳንና የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ዓላማቸውም የሠሯቸውን አብያተ ክርስቲያናትና የሰሎሞናዊ ሥልጣናቸውን ማክበር ነው። እንዲህ ሲታይ አውሮፓዊው ሠዓሊ ተጠርቶ የመጣ ሠራተኛ፣ ኢትዮጵያዊው ንጉሥ አሠሪ ነው። በባልቲሞር የዋልተርስ ሙዚየም በ2023 የከፈተው ኤግዚቢሽንም ጥንታዊውን ሥዕል ከዛሬዎቹ ሠዓሊያን ሥራ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጧል። በ2025 የፓሪሱ ኬ ብራንሊ ሙዚየም የግሪዮልን ተልእኮ የአሰባሰብ መንገድ ከአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር መርምሮ ለሕዝብ አሳይቷል። የዕቃዎቹ ታሪክ መነገሩ መልካም ጅምር ነው፤ የጎንደር ሥዕሎች ባለቤትነት ጥያቄ ግን በኤግዚቢሽን አይዘጋም።

ቀጣዩ እርምጃ

ከዚህ ሁሉ የምደመድመው አንድ ነው። ጥናቱ የተሻሻለው ሠሪዎቹን ባዳመጠ ቁጥር ነው፤ ማዳመጡ ግን እስካሁን ያለቀው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው። ለሸለመይ ዜማውን ያስረዱት ሊቃውንት መጽሐፉን በቋንቋቸው አላገኙትም፤ ስለ ፊልም ባለሙያው ሥራ የተጻፈውም የሚገኘው በውድ ዋጋ የሚሸጥ የውጭ ሕትመት ውስጥ ነው። የነዚህ መጻሕፍት ትርጉም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን መውጣት አለበት፤ ከትርጉምም በላይ በቋንቋዎቻችን የሚታሰብ ጥናት ያስፈልገናል፤ ቅኔ ቤት፣ ዜማ ቤትና የፊልም ዝግጅት ክፍል የየራሳቸው የዕውቀት ቃላት አሏቸውና። መሪጌታው መረጃ ሰጪ ተብሎ በምስጋና ገጽ መቅረቱ ይብቃ፤ ትንታኔውን እሱ ካፈለቀው ስሙ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ይጻፍ። የሲኒማ ጥቅሎችና የሬዲዮ ሪሎች በሙቀትና በአቧራ ሳይጠፉ ወደ ዲጂታል ይዛወሩ፤ የዛሬ ተማሪ ካልደረሰባቸው የነገው የሚያጠናው አይኖረውም። የሚቀጥለው ዘመን መጽሐፍ የሚመዘነው በዚህ ነው፦ ሥራውን የሠራው ሰው አንብቦት “አዎ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው” ወይም “እዚህ ላይ ተሳስተሃል” ማለት በመቻሉ።